በጉሌድ ግራ የተቀመጥኩባቸው ዓመታት

ጉሌድ በገዛ አልጋው ላይ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሰላም ማረፉን በስልክ ሲነግሩኝ ከኀዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ግርምት ነበር። ከአጠገቡ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ሁሉ የዚህ ሰው ፍጻሜ አልጋ ላይ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ስደርስ ከድንኳኑ ሥር የተሰበሰቡት ወንዶች በሟቹ ደግነት ጀምረው፣ ብዙም ሳይቆዩ ወደ መኪናው ተሻግረው ነበር። አንዱ ጉሌድ ጎማ ሲገዛ እንደ ሐብሐብ በጣቱ እየመታ ይመርጥ እንደ ነበር ያወራል። ሌላው የሞተር ዘይት አሽትቶ ስንት ወር እንደ ሠራ ይናገር እንደ ነበር ይምላል። ለቅሶ ቤት መሆኑን ዘንግተው ይስቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ ከሁላችንም ይልቅ አብረኸው የተጓዝክ አንተ ነህ። እስቲ አንድ ነገር በል» አለኝ።

«ፈጣሪ ይማረው» አልኩና ዝም አልኩ።

ዝምታ የቆየ ልማዴ ነው። በአገሬ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ እጽፍም ነበር፤ ከዚያ ተውኩ። ለምን እንደ ተውኩ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሐርጌሳ መጥቼ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ቢሮ የነጋዴዎችን ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ ስመልስ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የሌላ ሰው ቃል ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ተስማምቶኛል። በእነዚህ ዓመታት ከአፌ ቃል ለማውጣት የታገለ ሰው ቢኖር ጉሌድ ብቻ ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ዋናው ምክንያቱ መኪናው ነበረች።

ጉሌድ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። ሥራው ትራንዚተርነት፣ ማለትም በበርበራ ወደብ የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ስለ ነበር፣ እኔ የምተረጉማቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ በእጁ ያልፉ ነበር። ቁመቱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ወደ መኪናው ሲገባ እንደ አናጢ ሜትር በየመገጣጠሚያው ይታጠፋል። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው ወደ ኋላ ወንበር ዞሮ አየና፣ «አቦ፣ ሌላ ሰው ጭነናል እንዴ?» አለኝ። ሐጂ ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» እንድለው አስገደደኝ። ዛሬም «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ እንደሚቆጣ ስለማውቅ አልደፍርም።

መኪናዋን ያገኛት እዚያው ወደቡ ላይ ነው። ነጫጭ የቤተሰብ መኪኖች በተሰለፉበት ሜዳ መካከል ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ባለ ቱርቦ የጃፓን ሃችባክ ቆማ አየ። «ሰላም አለችኝ» ነበር የሚለው። ሐርጌሳ ለእንዲህ ያለች መኪና የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ የሚጠብቀው አሸዋ፣ ድንጋይና ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ነው፤ አስተዋይ ሰው ሁሉ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይነዳል። ዘመዶቹ ሞላዎቿን አስቀይሮ ከፍ እንዲያደርጋት በለመኑት ቁጥር፣ «ይቺን ከፍ ማድረግ ለሯጭ ባለ ተረከዝ ጫማ መግዛት ነው» እያለ ይመልሳቸው ነበር።

ከኮድቡር መውጫ ላይ የሰፈሩ ሰዎች መኪና እንዳይሮጥ ብለው በሲሚንቶ የሠሩት ጉብታ አለ። ሁለት ሰው ጭና ስታልፍ የመኪናዋ ሆድ ይፈገፍጋል፤ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን በአንድ ጣት ልዩነት ታልፋለች። ስለዚህ ጉሌድ በየጠዋቱ ወደ ቢሮዬ ሲያደርሰኝ ከጉብታው ፊት ይቆምና፣ «መምህር፣ ውረድልኝ» ይለኛል። እኔም ከነኮቴና ከነቦርሳዬ ወርጄ፣ ጉብታውን በእግሬ ተሻግሬ፣ ማዶ ላይ እንደገና እሳፈራለሁ። እዚያው ጥግ ሳምቡሳ የምትጠብስ የአገራችን ሴት ነበረች።

«መምህር፣ ዛሬም አወረደዎት?»

«ልማዱ ነው።»

«በቅሎ ቢገዙ ይሻልዎት ነበር እኮ! በቅሎ እንኳ ዳገት ላይ ነው የምታወርድ!»

ጉሌድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «በቅሎ ቱርቦ አላት?» ይላታል። ይህ ምልልስ ለዓመታት አንድም ቀን ሳይሰለቻቸው ተደግሟል።

መኪናን ስለ መያዝ የነበረው ሥርዓት ከማውቃቸው መነኮሳት ሥርዓት የሚያንስ አልነበረም። ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን ያስነሣና ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እንድንሰማ ያደርጋል።

«ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ማሻአላህ! ምንም ማለት በዓለም ላይ ውዱ ድምፅ ነው።»

ዘወትር ሐሙስ የአየር ማጣሪያዋን ፈትቶ አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርጋል፤ ሚስቱ ወይዘሮ ሶፊያ፣ ይህ ሰው በተጋቡበት ዘመን ሁሉ አንድ መደርደሪያ ጠርጎ እንደማያውቅ ይናገሩ ነበር። ከረጅም መንገድ በኋላ ደግሞ ሞተሯን ወዲያው አያጠፋም። የጋለው ቱርቦ ዘይቱ እየዞረለት ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀምጠን እንጠብቃለን። በዚያች ደቂቃ እሱ «አስተግፊሩላህ» ይላል፤ እኔ በልቤ የራሴን እላለሁ። ሁለት የተለያየ እምነት ያላቸው ሽማግሌዎች ለአንድ ቱርቦ ሲሉ አብረው የሚጸልዩበት ሌላ ስፍራ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ግራው ወንበር ልምጣ። በሶማሌላንድ መኪና የሚሄደው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው፤ መኪኖቹ ግን አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ የሆነ የጃፓን መኪኖች ናቸው። ሾፌሩ በመንገዱ ዳር በኩል ስለሚቀመጥ፣ ከፊቱ ከባድ መኪና ካለ ከማዶ የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ሳይሆን በግራው ያለው ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ከሾፌር አጠገብ መቀመጥ ሥራ ነው። ተሳፋሪው አንገቱን ዘለግ አድርጎ አይቶ «ሂድ» ወይም «ቆይ» ይላል፤ ሾፌሩም ሕይወቱን በዚያ ቃል ላይ ይጥላል። ለሥራ በየሳምንቱ ወደ በርበራ ስንወርድ ይህ ኃላፊነት የእኔ ሆነ።

«ሂድ» ማለት ከበደኝ። «ሂድ» ብሎ ሰውን ወደማይታይ ነገር መላክ ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ሲደረግ ያየሁት፣ መጨረሻውንም የማልወደው ነገር ነው። እያመነታሁ ስለምዘገይ ጉሌድ ከአንድ የሲሚንቶ መኪና ኋላ ግማሹን መንገድ ሲያዘግም ዋለ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት፦ አደጋ ካየሁ ብቻ እናገራለሁ፤ ዝም ካልኩ መንገዱ ባዶ ነው።

ጉሌድ መሪውን በመዳፉ መታ። «አቦ! ይኼ ላንተ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ሕግ ነው!»

ሕጉ ከሦስት ዓመት በላይ ያለ እንከን ሠራ። ጉሌድ ወደ እኔ በዓይኑ ጠቀስ ያደርጋል፤ እኔ ዝም እላለሁ፤ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ ቱርቦዋ ታፏጫለች፤ እናልፋለን። ዝምታዬ በማንም ዘንድ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ግን በጉልበቴ ላይ አንድ የንግድ ውል ዘርግቼ ነበር። ቀደም ባለው ቀን የተረጎምኩት ሲሆን፣ አንዲት አንቀጽ የተዛባች መሰለኝና አጎንብሼ ሳነብባት ቆየሁ። ከፊታችን በግ የጫነ መኪና እያዘገመ ነበር። ጉሌድ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ዝም ብያለሁ። ወጣ። ቀና ስል ከፊታችን ያየሁት ዱቄት የጫነ፣ ተራራ የሚያህል መኪና ነው። ወደ ቀኝ እንዳንመለስ የበጎቹ መኪና ጎናችን ላይ ነው። ጉሌድ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ከአስፋልቱ ወረደ፤ በአሸዋው ላይ ተንሸራተን፣ በሁለት ግራሮች መካከል አልፈን ቆምን።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የተመለከተው መኪናዋን አልነበረም። እኔን ነው። ግንባሬን፣ እጆቼን፣ ጉልበቶቼን አንድ በአንድ አየ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ወጥቶ ከመኪናዋ ሥር ተንበረከከ። የፊቷ መከላከያ ተሰብሯል፤ ከሥር የዘይት መያዣዋ ተቀድዶ ዘይቱ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል። በግ ጫኙ መኪና በዝግታ አልፎን ሄደ፤ በጎቹ በሙሉ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩን ነበር።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ነገር ግን የታሪክ መምህር ነበርኩና አንድ ምስክር ብቻ አይበቃኝም፤ ጥያቄም ነበረኝ። «ጉሌድ፣ ከወጣህ በኋላ ግን ራስህ ማየት ነበረብህ። መኪናው ትልቅ ነበር፤ ቀይ ሸራ ለብሷል። ለምን ወዲያው አልተመለስክም?»

በእጁ ላይ ያለውን ዘይት በአሸዋ አሸ። «እነዚያ በጎች እንኳ ከእኔ ይልቅ አይተውታል» አለ። «ግራ ዓይኔ ሞራ ከለበሰው ሁለተኛ ረመዳኑ ነው። ቀኙም እየተከተለው ነው። አንተ ዝም ስትል ነው የማየው።»

«ሐኪም…»

«ሐኪም ቢላ ይዞ ዓይኔ ላይ? ቢስትስ? አሁን ቢያንስ ግማሽ አለኝ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከግራሮቹ በቀር የሚሰማ ባይኖርም። «ለሶፊያ አትንገር። ቁልፉን ትወስድብኛለች። ወላሂ መምህር፣ ያለ መኪና እኔ ረጅም ሰው ብቻ ነኝ።»

አልነግርም አላልኩትም፤ እነግራለሁም አላልኩትም። ለእሱ ግን የእኔ ዝምታ ሁልጊዜ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነበር።

መኪናዋ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ባለ ጋራዥ ሦስት ሳምንት ቆየች። ጉሌድ በየቀኑ ሄዶ እንደ አስታማሚ ከአጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ተሠርታ በወጣች በማግስቱ፣ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ለምሳ ተጠራሁ። ወይዘሮ ሶፊያ የሐረር ሴት ናቸው፤ ቃላቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ብዙ ነው። ሩዙንና የፍየል ሥጋውን አቀረቡ። የመኪናዋን ቁልፍም አምጥተው ከሙዙ ሳህን ጎን አስቀመጡት።

«መምህር፣ ሩዙ አልጣመዎትም?»

«በጣም ጥሩ ነው። እጅዎ ይባረክ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ዕለት ከመንገድ ያስወጣችሁ ግመል ምን ዓይነት ነበር?»

ጉሌድ ሙዝ መላጡን አቆመ። «ትልቅ ግመል ነው አልኩሽ እኮ! አቦ፣ ሰውየው ይብላበት!»

«እሳቸውን ነው የምጠይቀው። ነጭ ነበር ወይስ ቡናማ?»

ጉሌድ አየኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ የትኛውም ቀለም ይበቃው ነበር። ካልኳት ቁልፉ ወደ እጁ ይመለሳል፤ በማግስቱ ወደ በርበራ እንወርዳለን፤ ወዳጄም ወዳጄ ሆኖ ይቀጥላል። ምናልባት ለአንድ ወር፣ ምናልባትም እስከሚቀጥለው የዱቄት መኪና ድረስ።

«ግመል አልነበረም» አልኩ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ከራሴ ጥፋት ጀመርኩ፤ በጉልበቴ ላይ ስለ ነበረው ወረቀት፣ ስለ ሕጋችን፣ ቀጥሎም ስለ ዓይኑ። ወይዘሮ ሶፊያ አልተደነቁም።

«መጠርጠሩንስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹መምህሩ ካልሄደ በርበራ አትሄድም› ያልኩት ለምን ይመስልዎታል? እርስዎ አሉ ብዬ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ወይዘሮ ሶፊያ ቁልፉን አንሥተው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ጉሌድ ተነሣ። ቁመቱ ከጣሪያው ጋር ሊጋጭ የደረሰ መሰለኝ። «ከሰው ሁሉ አንተ!» አለ። «ምስጢሬን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ ብዬ ነበር፤ ድንጋዩ አፍ አወጣ!» እጁን ሊታጠብ ወጣ፤ ውሃው ሲወርድ ለብዙ ጊዜ ሰማን፤ ወደ ማዕዱ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አላናገረኝም። በባጃጅ ሲያልፍ አየው ነበር፤ ጉልበቶቹ ከአገጩ ጋር ተገናኝተዋል። ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ እርግጠኛ ስላልነበርኩም አንዳንድ ጊዜ የሚሸሸው ሌላ ሰውን ነበር። ሳምቡሳ የምትጠብሰዋ ሴት እንኳ «ተጣላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነት መናገር እንዲህ ባዶ ቀን እንደሚያተርፍ አስቀድሜም አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነበር የተውኩት።

አንድ ማክሰኞ የቢሮዬን በር ሳያንኳኳ ገባ። ወንበር አልሳበም።

«ነገ ሐኪሞቹ ዓይኔን ይቀድዱኛል።»

«አምላክ ይርዳህ።»

«ብቻዬን አልገባም። ሶፊያ ታለቅሳለች፤ ልጆቼ ይመክሩኛል። ዝም የሚል ሰው ነው የምፈልገው። ከአንተ ሌላ ደግሞ አላውቅም፤ ያለችህን ንግግር በእኔ ላይ ጨርሰሃል።»

አብሬው ሄድኩ። በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሳናስበው በግራው ተቀምጫለሁ። ነርሷ ስሙን ስትጠራ አልተነሣም። እጄን ያዘ።

«መምህር» አለ። «ንገረኝ። ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

«ሂድ» አልኩት።

ሄደ።

ቀኙንም በዓመቱ አስደረገ። ከዚያ ወዲህ የነዳቸውን አራት ዓመታት ለድንኳኑ ሰዎች ትቼላቸዋለሁ፤ እነሱ ከእኔ አሳምረው ያወሩታል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ግራ ዓይኑ በተሠራ ማግስት ያለውን ጠዋት፣ ፋሻው የተነሣለትን ቀን ነው።

ከሐኪሙ ክፍል ወጥተን ወደ ግቢው ፀሐይ ወረድን። ወይዘሮ ሶፊያ መኪናዋን ራሳቸው ነድተው መጥተው አቁመዋት ነበር። ጉሌድ የሌላ ሰው እጅ መሪዋን እንዲነካ ፈቅዶ ስለማያውቅ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ ገለጠ፤ ግራውን ሸፈነ፤ እንደገና ቀኙን ሸፈነ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«ያ ያንተ በር ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«ምንም? መኪናዋ ቀይ ናት። በሩ ብርቱካን ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ ያንን በር ፈግፍጎት፣ አንድ ቀለም ቀቢ አድሶት ነበር። ቀለሙ ፈጽሞ አልገጠመም። ጉሌድ በጭጋጉ ውስጥ በሩን እየዳሰሰ «ማሻአላህ፣ ልዩነቱ አይታወቅም!» ሲል ቀቢው ወደ መሬት አየ፤ እኔም ወደ መሬት አየሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በከተማው ፊት ብርቱካን በር ይዤ ስንጎማለል ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አልኩት።

በሒና የቀላ ጢሙን በእጁ ይዞ በሩን አየ፤ ጢሙን አየ። «ከጢሜ ጋር አንድ ቀለም ነው እኮ!» አለና ሳቁ መጣ። ሐኪሙ እንዳይጎነበስ፣ እንዳይስል፣ ራሱን እንዳይነቀንቅ አስጠንቅቆት ነበር፤ ስለ ሳቅ ግን አልተናገረም። ወይዘሮ ሶፊያ መሪው ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

እሱ ከፊት በብርቱካኑ በር ገባ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሶፊያ ማርሹን እንደ ቅቤ አስገቡት፤ እንደሱ ሳያፏጩ፣ ከእሱም ይልቅ ቀጥ አድርገው ነዱ። አስፋልቱ ላይ እንደ ወጣን ጉሌድ አንገቱን እንዳያዞር እየተጠነቀቀ፣ ፊት ለፊት እያየ ጠየቀኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ያልነገርከኝ ምን አለ? ሁሉንም። ዛሬ ማየት የጀመርኩበት ቀን ነው።»

የሚመካበት የበርበራ አቋራጭ ከዋናው መንገድ በሩብ ሰዓት እንደሚረዝም፣ በሰዓቴ ለክቼ እንደማውቅ ነገርኩት። «ውሸት!» አለ። በርበራ ስንደርስ የሚጋብዘኝ ዓሣ በየጊዜው ሆዴን እንደሚያመኝ ነገርኩት። «አቦ፣ እና ትጨርሰው ነበር እኮ!» አለ። ከዚያ፣ እንዴት እንደ ሆነ ሳላውቀው፣ በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ «ደህና» እያልኩ የመለስኩለት ብዙውን ጊዜ እውነት እንዳልነበረ ነገርኩት።

ጉሌድ ዝም አለ። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም።

እኔም ያልመለስኩትን መመለስ ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያው፣ በቅደም ተከተል፣ የታሪክ መምህር እንደሚያደርገው። ኮድቡር ስንደርስ ገና ከመካከሉ አልደረስኩም ነበር። ወይዘሮ ሶፊያ በስፖኪዮው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ የግቢያቸውንም በር አልፈው መንዳታቸውን ቀጠሉ።